አልጋ ከመጨመራችሁ በፊት፦ በወሎ የህፃናት ማሳደጊያንና ትምህርት ቤትን ደረጃ በደረጃ ማስፋፋት

ነሐሴ ላይ ነበር። ደሴ በጉም ተሸፍናለች። አንዲት አሮጊት የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከማሳደጊያችን ግቢ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይቺን ልጅ ተቀበይኝ። እኔ ደክሜያለሁ» አሉኝ። አስገብቼ ሻይ አቀረብኩላቸው። ስንጨዋወት የልጅቷ እናት አረብ አገር እንደሆነች፣ አልፎ አልፎም ገንዘብ እንደምትልክ ነገሩኝ። ልጅቷ የምትተኛው ከአያቷ ጉያ ነው። የምትወደድ ልጅ ናት። እማማን ያቃታቸው ደብተር፣ የደንብ ልብስና ምሳ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ የመኝታ ክፍል ሰርተን ስድስት አልጋ ባዶ ነበር። ተቀበልናት። ልጅቷ የቸገራት ምሳ ነው። እኛ ግን የነበረን አልጋ ስለሆነ አልጋ ሰጠናት። ከአያቷም ለየናት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ በተማርኩት ላይ ቆሜ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ባሉት ከተሞች በበጎ አድራጎት የሚተዳደር ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ ይዛችሁ «እናስፋው» ብላችሁ ለተነሳችሁ ይሆናል። የምላችሁ ነገር አንድ ነው። ትምህርት ቤቱን በደንብ አስፉ። አልጋውን ግን ቆጥባችሁ ጨምሩ። አልጋ ከተሰራ ባዶ አይቀርም። ደሃ አያት ባለበት አገር ሁሉ አልጋ ልጅ ያገኛል።

1. መጀመሪያ ያሉትን ልጆች ቁጠሩ

መሃንዲስ ከመጥራታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ፋይል አውጡ። ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ይበቃል። ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ ማን እንዳመጣው። እናት አለች? አባት አለ? አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ እህትስ? መጨረሻ የጠየቀው ዘመድ ማን ነው፣ መቼ? የልደት ምስክር ወረቀት አለው?

ከዚያ ልጆቹን በሦስት መድቡ። አንደኛው፣ ትንሽ ድጋፍ ቢደረግ ቤተሰቡ ጋር ሊኖር የሚችል። ሁለተኛው፣ ዘመድ ያለው ግን ቤቱ ገና ብዙ ሥራ የሚፈልግ ወይም ለልጁ አደገኛ የሆነ። ሦስተኛው፣ በእርግጥም ማንም የሌለው። እኛ ይህን ስንሰራ የመጀመሪያው ምድብ ከጠበቅነው በላይ ረዘመ። ፋይሉ ላይ «ወላጅ አልባ» የሚል የተጻፈበት ልጅ እናቱ በህይወት ሆና አገኘናት። አያት ያለው ደግሞ ብዙ ነው።

በስልክ አታጣሩ። ሂዱ። ኩታበር ይሁን ተንታ፣ ደላንታ ይሁን ወረኢሉ፣ ልጁ የመጣበት ሰፈር ድረስ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። መጀመሪያ የቅሬውን፣ በሌላ አገር እድር የሚባለውን፣ ዳኛ አነጋግሩ። በወሎ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ ከቅሬ በላይ የሚያውቅ የለም። የቀበሌ ወረቀት የማይነግራችሁን ቅሬው ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ ድካም የምመክረው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በአገራችን ብዙ ማሳደጊያዎች የተከፈቱት በረሃብ ዘመን ነው። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ወሎ ልጆቹን የሚያሳድግለት አጥቶ ነበር። ያኔ መጠለያ መክፈት ነፍስ ማዳን ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ልጅ ወደ በራችን የሚመጣው ሰው አጥቶ ሳይሆን ቤተሰቡ ስለቸገረው ነው። የመንግሥት መመሪያም ይህን አይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የህፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን በማህበረሰቡ ውስጥ መደገፍን፣ ከቤተሰብ መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን (ልጁን ለጊዜው በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤት) እና ጉዲፈቻን ይዘረዝራል። በተቋም ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በህግ ቆሟል። ስለዚህ የልጆቻችን መፍትሄ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ትንንሾቹ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልጋ አትጨምሩ። በሩማንያ ቡካሬስት በማሳደጊያ የነበሩ ህፃናትን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ወደ አደራ ቤተሰብ የተወሰዱት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት፣ በተቋም ከቀሩት በአእምሮ ዕድገት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ህፃን ልጅ የሚያስፈልገው አንድ የማይቀያየር ሰው ነው። በፈረቃ የሚገቡና የሚወጡ ሞግዚቶች ያንን ሊሰጡት አይችሉም። ጨቅላ ህፃን ከመጣላችሁ ከሴቶችና ህፃናት ጽህፈት ቤት ጋር ሆናችሁ የአደራ ቤተሰብ ፈልጉለት።

2. ምን እንደምታሰፉ ወስኑ

ቆጠራው ሲያልቅ ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ይቀላል። ከመጀመሪያው ምድብ አስር ልጅ ቤቱ ከገባ፣ ምንም ሳትገነቡ አስር አልጋ አገኛችሁ ማለት ነው። ያ አልጋ ለሦስተኛው ምድብ ልጅ ይሁን።

የግንባታ ገንዘባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አስቡት። ቀድሞ የትምህርት ቤቱ ምሳ። ቀጥሎ መማሪያ ክፍል። ቀጥሎ ከቤታቸው ለሚመጡ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚያጠኑበት፣ ሻይ የሚያገኙበት ቦታ። መኝታ መጨረሻ።

የእማማ የልጅ ልጅ በኋላ ወደ አያቷ ተመለሰች። ጠዋት ትመጣለች፣ ምሳዋን እኛ ዘንድ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ሰርታ ማታ ትሄዳለች። ለአያቷ በየወሩ ዱቄትና ዘይት እንሰጣለን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ልጅቷን በግቢ ለማሳደር ከምናወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ትምህርት ቤቱን በክፍል ደረጃ ስታሳድጉ በየዓመቱ አንድ ክፍል ብቻ ጨምሩ። አሁን የትምህርት እርከኑ ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከ6 ወደ 7 መሻገር ቀላል አይምሰላችሁ። ለየትምህርቱ የተለየ መምህር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ይጠይቃል። የክልል ፈተናም 6ኛና 8ኛ ላይ አለ። ስለዚህ ያሏችሁ ልጆች ወደ 7ኛ ሲያልፉ አብራችሁ እለፉ። በአንድ ክረምት ሦስት ክፍል የከፈተ ትምህርት ቤት መምህር ሲያሳድድ ዓመቱ ያልቅበታል።

አንድ ነገር አደራ። ለማሳደጊያው ልጆች ብቻ የሚሆን ትምህርት ቤት አትክፈቱ። የሰፈሩ ልጆች አብረው ይማሩ። ዩኒፎርሙ አንድ ይሁን። «የድርጅት ልጅ» የሚለው ስም ልጅ ላይ ይለጠፋል። አድጎም ይከተለዋል።

3. ወረቀቱን ከገንዘቡ አስቀድሙ

ብዙ ሰው ገንዘብ ካገኘ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ ይወጣል። ገንዘብ ሰጪው ጊዜ ገድቦ ሲሰጥ እናንተ ማዘጋጃ ቤት ተሰልፋችሁ ትገኛላችሁ። የሚከተሉትን ቀድማችሁ ጨርሱ።

በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገባችሁ ድርጅት ከሆናችሁ የምዝገባ ሰነዳችሁ ላይ የተጻፈውን ዓላማ አንብቡ። ትምህርትና የህፃናት እንክብካቤ ሁለቱም ተጽፈዋል? ካልተጻፉ አስተካክሉ። ይኸው አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ወጪ እዚህ ውስጥ አይገባም። ሂሳብ ሹማችሁ የመምህርና የሞግዚት ደመወዝን ከሥራው ወጪ፣ የቢሮውን ከአስተዳደር ወጪ ከመጀመሪያው ለይቶ ይመዝግብ። በኋላ ለመለየት መሞከር ኦዲት ላይ ያስጨንቃል።

ቀጥሎ ከሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽህፈት ቤት እና ከትምህርት ጽህፈት ቤት ጋር በሚኖራችሁ የፕሮጀክት ስምምነት ላይ አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ስንት የቀን ተማሪ፣ ስንት አዳሪ፣ ስንት በቤተሰብ የሚደገፍ። ያለ ጽህፈት ቤቱ ደብዳቤ አንድም ልጅ ለመኖር አትቀበሉ። አያት በእጅ ይዘው መጥተው ወይም ፖሊስ በሌሊት አምጥቶ ለጊዜው ብታስጠጉትም፣ ወረቀቱ በማግስቱ ይከተል። የአሳዳሪነት፣ ማለትም ልጁን በህግ የማሳደግ ኃላፊነት፣ ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ህግ አለው። በበጎ ፈቃድ የሚያግዛችሁ ጠበቃ ፈልጉ።

ቦታ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ካርታ ያልወጣበት መሬት ላይ አንድ ብሎኬት አትደርድሩ። «ለህፃናት ነው፣ ማን ይነካዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ለማህበራዊ አገልግሎት ቦታ በምደባ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ ስላለ ከተማ አስተዳደሩን በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ።

4. ሰፈሩን አማክሩ

ይህን የማስቀድመው ለወጉ አይደለም። ማሳደጊያው ሰፈሩ ውስጥ ያለ ቤት እንጂ አጥር ያለው ደሴት መሆን የለበትም። የቅሬውን ሰዎች፣ የመስጊዱን ሼህ፣ የደብሩን ቄስ፣ ጎረቤት እናቶችን ጥሩ። ምን ልትሰሩ እንደሆነ ንገሯቸው። «እናንተስ ምን ታግዙናላችሁ?» በሉ። ጅጌ (ደቦ) ወጥቶ ድንጋይ የለቀመ፣ አፈር የዛቀ ሰው ግቢውን እንደራሱ ያየዋል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወልዲያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ የብዙ ትምህርት ቤት ወንበርና መጽሐፍ ጠፍቷል። ጎረቤት ንብረቱን ወደየቤቱ ያሸሸላቸው ግን አግኝተውታል። የእኛን ማህደር አንዲት ጎረቤት ከዱቄት ማድጋ ሥር ደብቀው አቆዩልን።

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ያድጋል። ማሳደጊያውም እንዲሁ ይሁን። ልጁ ሲገባ ሃይማኖቱን ከቤተሰቡ ጠይቃችሁ ፋይሉ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማንም፣ ለጋሽም ቢሆን፣ ያንን ሊቀይር አይችልም። ማዕድ ቤቱን ስትነድፉ ይህን አስቡት። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ድስቱም ቢላዋውም ይለያል። ሁለት ትንንሽ የሥጋ ማብሰያ ቦታ፣ አንድ ትልቅ የጾም ወጥ ማብሰያ ይኑር። ሽሮና ምስር ሁሉንም ያገናኛል። ረመዳን ሲገባ ለሚጾሙት ልጆች ሌሊት የስሁር ምግብ የምታዘጋጅ ሰው መድቡ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋንም ከበጀቱ ላይ ጻፉ። ለሁዳዴም፣ ለረቡዕና ዓርብም ምግቡ ይታሰብበት። ገና ያልደረሰ ልጅ እንዲጾም አታስገድዱ፤ የጾመውንም አታስበሉ።

5. መሬቱንና ዝናቡን እወቁ

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው።

በወሎ ደጋ ዝናብ ሁለቴ ይመጣል። በልግ ከየካቲት ጀምሮ፣ ክረምት ከሰኔ። እኛ ይህን እያወቅን የካቲት ላይ መሠረት አስቆፈርን። ገንዘቡ ጥር መጨረሻ ስለገባ ቸኮልን። በሁለተኛው ሳምንት በልጉ ወረደ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ግድግዳው ተናደ፣ እንደገና አስቆፈርን። ሁለት ጊዜ ከፈልን። መሠረት የሚቆፈረው መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ከመሠረቱ ወጥታችሁ ኮለኑን (ምሰሶውን) ካቆማችሁ በልጉ አይጎዳችሁም። ቆርቆሮው ከሰኔ በፊት ይመታ። ኮርኒስ፣ ሊሾና ቀለም ክረምቱን ከውስጥ ይሰራሉ። ከዚያ መስከረም ላይ ልጅ ይገባል። ገንዘቡ ዘግይቶ ከመጣ ዓመቱን ጠብቁ። ለጋሹን በደብዳቤ አስረዱት፣ ይገባዋል።

አፈሩን አስመርምሩ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ መረሬ አፈር ታገኛላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውን ግድግዳም ይዞት ይሰነጠቃል። ወይ ተቆፍሮ ይውጣ፣ ወይ መሠረቱ ጠንካራው ድረስ ይውረድ። ደሴ ላይ ችግሩ ተዳፋቱ ነው። ከላይ የሚመጣ ጎርፍ መውረጃ ቦይና ደጋፊ ግንብ ከህንፃው በፊት ይሰራ።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አትርሱ። ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ስለዚህ ባለሙያ የነደፈው ኮለንና ቢም ያለው ቤት ይሁን። ግንበኛው «ፌሮ እንቀንስ፣ ድንጋዩ ይበቃል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ልጅ የሚተኛበት ፎቅ አትስሩ። መሬት ላይ ያለ ቤት ልጆች በደቂቃ ውስጥ ወጥተው ያልቃሉ። የመኝታ ክፍል ሁለት በር ይኑረው፤ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። መስኮት ላይ የሚገባው የሌባ መከላከያ ብረት ቢያንስ በአንዱ በኩል ከውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ እንዲገባ ደግሞ በየበሩ ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት መግቢያ አሰሩ።

አየሩም ይለያያል። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዳም ናት። መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፣ ኮርኒስም የግድ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙቀት አለ፣ ወባ አለ። እዚያ ጣሪያው ከፍ ይበል፣ መስኮቱ ወንፊት ይኑረው፣ በየአልጋው አጎበር ይሰቀል። ደሴ የተሰራን ፕላን ገልብጣችሁ ከሚሴ ላይ አትስሩ።

አሁን ወደ ውሃ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያስቀመጠው መነሻ ለቀን ተማሪ በቀን 5 ሊትር፣ ለአዳሪ 20 ሊትር ነው። 300 የቀን ተማሪ፣ 60 አዳሪ ልጅና 10 አዳሪ ሰራተኛ ቢኖራችሁ 1,500 እና 1,400፣ በድምሩ 2,900 ሊትር በቀን ያስፈልጋችኋል። ይህ ሽንት ቤት በውሃ ሳይጠረግ ነው። ውሃ በፈረቃ ለአምስት ቀን ከጠፋ 14,500 ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አይበቃችሁም፣ ሁለት ያስፈልጋል። ከቆርቆሮው ላይ የክረምቱን ዝናብ የሚሰበስብ አሸንዳ ከጨመራችሁ ለልብስ ማጠቢያና ለጓሮ አትክልት ይሆናል።

ሽንት ቤት ለ25 ሴት ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድና የሽንት መሽኛ። የሴቶቹ ከወንዶቹ ራቅ ይበል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ አንዱ ውስጥ ውሃና የንጽህና መጠበቂያ ማስወገጃ ይኑር። የወር አበባ ያየች ልጅ ከክፍል የምትቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለማታ በመንገዱ ላይ መብራት አድርጉ።

የእንጀራ ምጣድም መብራት ይበላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ሦስት ምጣድ ካሰባችሁ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ቀድማችሁ ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ጭስ የሚያወጣ ቱቦ ያለው የእንጨት ምድጃም ይኑራችሁ።

6. መኝታው ቤት ይምሰል

መኝታ የግድ ከጨመራችሁ አዳራሽ አትስሩ። ሠላሳ አልጋ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ የሚያድግ ልጅ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም። በአንድ ግቢ ውስጥ ትንንሽ ቤቶችን ስሩ። በአንድ ቤት ከስምንት እስከ አስር ልጅ፣ አንዲት እናት፣ አንዲት ረዳት። ወንድምና እህትን አትለያዩ። ትልልቅና ትንንሽ ልጅ ይቀላቀል። የቤቱ እናት ቡና የምታፈላበት ሳሎንና ትንሽ ማዕድ ቤት ይኑር። ትልቁ ማዕድ ቤት ምሳውን ያብስል፣ እራት ግን በየቤቱ ይሁን። ሽንኩርት የመክተፍ ሥራ እኮ ቀላል ነገር ይመስላል። ከዚህ ግቢ ወጥቶ ለራሱ ወጥ መሥራት ያልቻለ የ19 ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ምግብ ሁሌም ተሰርቶ፣ በሳህን ሆኖ ነበር የሚመጣለት።

ለየልጁ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይኑር። የራሱ ልብስ፣ የራሱ ፎቶ። የጋራ የልብስ ክምር ይቅር።

7. ሰው ስትቀጥሩ አትቸኩሉ

የቤት እናት ለመቅጠር ሦስት ወር ይፍጅባችሁ። ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ። የቀድሞ አሠሪዋን በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ። ከዚያ አንድ ወር ከነባር እናት ጋር አብራ ትስራ፣ ልጆቹንም ጠይቋቸው። ደመወዟን ከገበያው ከፍ አድርጉ። በየዓመቱ የምትለዋወጥ እናት ልጅን በየዓመቱ እንደ አዲስ ታሳዝነዋለች።

ለሁሉም የሚሠሩ ህጎች በጽሁፍ ይውጡ። ማንም አዋቂ፣ ሰራተኛም ይሁን እንግዳ፣ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሆንም። ዱላ የለም። ልጅ በደል ቢደርስበት የሚነግራቸው ሁለት ሰዎች በስም ይታወቁ፤ አንዷ ከግቢው ውጭ ትሁን። ጥፋት ሲገኝ ለፖሊስና ለጽህፈት ቤቱ ይነገራል። «የድርጅቱ ስም ይጠፋል» ተብሎ በሽምግልና አይያዝም። ሽምግልና ለመሬት ጠብ ጥሩ ነው፤ ልጅ ለተደፈረበት ጉዳይ ግን አይሆንም።

እንግዶችንም ገደብ አብጁላቸው። ለጋሽ መጥታ ልጆች አዝላ፣ ፎቶ ተነስታ የምትሄድበት ልማድ ይቁም። የልጅን ፊትና የችግሩን ታሪክ አንድ ላይ አታውጡ። ልጁ ነገ ጓደኞቹ ፊት የሚቆም ሰው ነው።

8. ህንፃ አንዴ ነው፣ ደመወዝ በየወሩ ነው

ለጋሽ ህንፃ ይወዳል። ስሙ የሚጻፍበት ግድግዳ አለውና። እናንተ ግን ከህንፃው በፊት የሦስት ዓመት የሥራ ማስኬጃ ሂሳብ ስሩ። ምግብ፣ ደመወዝ፣ መድኃኒት፣ ውሃና መብራት፣ ልብስ፣ ጥገና፣ የቤተሰብ ድጋፍ። የምግቡን ቁጥር ከሌላ ድርጅት አትቅዱ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማዕድ ቤት ውስጥ ሚዛን አስቀምጡ። ስንት ኪሎ ዱቄት ወጣ፣ ስንት እንጀራ ሆነ፣ ስንት ተረፈ። የእናንተ ቁጥር ያ ነው።

የወር ወጪያችሁ 300,000 ብር ቢሆን 1,800,000 ብር፣ ማለትም የስድስት ወር፣ ባንክ ሳይገባ አዲስ ልጅ አትቀበሉ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለጋሽ ሲያቋርጥ ልጁን የት ትመልሱታላችሁ? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚላክለት ለጊዜው ተንፈስ ብሎ ይሆናል። ቃሉ በብር የተገባለት ግን ሲሚንቶና ፌሮ መግዛት አቃተው። ስለዚህ በግንባታ ውል ላይ የዋጋ ለውጥ እንዴት እንደሚስተናገድ ይጻፍ፤ ፌሮና ቆርቆሮውንም ገንዘቡ እንደገባ ግዙት።

ለተቋራጩ ክፍያ ሥራው ተለክቶ፣ አማካሪ መሃንዲሱ ፈርሞ፣ በየምዕራፉ ይሁን። የመያዣ ገንዘብ አስቀሩ። አንድ ክረምት ዝናብ አይቶ ካላፈሰሰ ስጡት።

የገቢ ሥራ ህጉ ይፈቅዳል፤ የንግድ ፈቃድና ግብር ግን ይኖረዋል። እኔ የምመክረው ማዕድ ቤታችሁ ራሱ የሚበላውን ነገር ነው። ዶሮ፣ የወተት ላም፣ ዳቦ መጋገሪያ። ገበያ ባይኖር እንኳ ልጆቹ ይበሉታል። ሂሳቡ ግን ለብቻ ይያዝ። ልጆች እንዲሠሩበት አታድርጉ፤ ከትምህርት በኋላ ዶሮ መመገብ ሌላ ነው፣ ለገበያ ማምረት ሌላ።

9. ልጆቹን ቀስ እያላችሁ አስገቡ

መስከረም ላይ በሩን ለሁሉም በአንዴ አትክፈቱ። የቀን ተማሪዎቹ በመስከረም ይግቡ። አዳሪዎቹ በወር ሁለት ሦስት እየሆኑ። አዲስ ልጅ የሚገባው የቤት እናቱ ቀድማ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዳ ካየችው በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያውቀው ብርድ ልብስ ወይም የእናቱ ነጠላ አብሮት ይምጣ። ከሦስት ወር በኋላ ፋይሉን እንደገና አውጡና «ይህ ልጅ ዛሬም እዚህ መሆን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። በየስድስት ወሩ ድገሙት። ለበዓል ዘመድ ያለው ሁሉ ወደ ዘመዱ ይሂድ። የትራንስፖርቱ ገንዘብ በጀት ላይ ይቀመጥ።

10. መውጫውን በመግቢያው ቀን አስቡ

18 ዓመት ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። ልጁ 14 ሲሞላው ስለ ወደፊቱ ማውራት ጀምሩ። የልደት ምስክር ወረቀቱን አሁን አውጡለት፤ ዘግይቶ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል። 16 ሲሞላው በስሙ ደብተር ከፍታችሁ ትንሽ ትንሽ ቆጥቡለት። ለዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ይሂድ። ላልቀናው ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻም ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ሙያ ሲማር ዓመት አስቀድማችሁ መሳሪያውን ግዙለት። አናጢ ከሆነ መጋዙ የራሱ ይሁን።

ከግቢው ሲወጣ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር በቅርብ ሰፈር ቤት ተከራዩላቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ እየቀነሳችሁ ክፈሉ፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከስድስት ወር በኋላ ግማሹን። የቤት እናቱ በየሳምንቱ ትጠይቀው። እሱም በዓል ሲሆን የሚመጣበት ቤት እንዳለው ይወቅ።

መጨረሻም በሰፈሩ ቅሬ አስመዝግቡት። መመዝገቢያውንና የመጀመሪያዎቹን ወራት መዋጮ እናንተ ክፈሉ። ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ቅሬ የገባው የመጀመሪያው ልጅ በሁለተኛው ወር ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞቶ ለቀብር ተጠራ። ድንኳን ተሸክሞ ሲያቆም ዋለ። ማታ ደውሎ ነገረኝ። «ስሜን ጠርተው መዘገቡኝ» አለኝ።